አቤቱታ ላይ ማን ይፈርማል? ሕዝበ ውሳኔ ላይስ?



በዚህ አምድ ልናብራራው የተነሣነው ጥያቄ ከሠልጣኞች ማደሪያም ከመምህራን ማረፊያ ክፍልም በየጊዜው የሚመጣ ነው። አንድ ወረቀት ይዞራል። ከላይ ሁለት ሦስት መስመር ተጽፎበታል፣ ከሥር ደግሞ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ ተሠምሮበታል። ጉዳዩ አንድ ጊዜ የመንገድ፣ ሌላ ጊዜ የውኃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም የከበደ፣ ማለትም የአስተዳደር ወሰን ወይም የማንነት ጉዳይ ይሆናል። ታዲያ ብዕሩን የተቀበለው ሰው ቀና ይልና «እኔ መፈረም እችላለሁ እንዴ? ነዋሪነቴ እኮ ዳንግላ ነው፤ እዚህ እንጅባራ ለሥልጠና ነው ያለሁት» ይላል። አጠገቡ ያለው «ዐሥራ ስምንት ዓመት ከሞላህ ምን ቸገረህ?» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ማንም ይፈርማል፣ የሚፈለገው ብዛት ነው!» ብሎ ይዘጋዋል።

ሦስቱም በከፊል እውነት አላቸው፣ ሦስቱም በከፊል ተሳስተዋል። ምክንያቱም መልሱ የሚገኘው ፈራሚው ማን ነው ከሚለው ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ምን እንዲሠራ ተፈልጎ ነው የተዘጋጀው? ማን ዘንድ ነው የሚቀርበው? ይህ ሳይታወቅ ማን ይፈርም ማለት አይቻልም።

ነገሩ ለእኛ ለመምህራን ከማንም ይበልጥ ይመለከተናል። ነገ ተመርቀን ወደ አንከሻ፣ ወደ ፋግታ፣ ወደ ዚገም ወይም ወደ ጃዊ ስንመደብ ማመልከቻ ጻፊው ማን ሆነና? ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ በምርጫ ሰሞን የጣቢያ አስፈጻሚ ሆኖ የሚቀመጠው፣ «መምህር፣ እስቲ ይችን ወረቀት አንብቡልን» የሚባለው እኮ የቀበሌው መምህር ነው። በእኛ እጅ የተጻፈ ዝርዝር ውድቅ ቢሆን የሚጎዳው ያመነን ገበሬ ነው።

በመጀመሪያ ነገሮቹን እንለያይ። አቤቱታ የቆየ ነገራችን ነው። የተበደለ ሰው «አቤት!» ብሎ ዳኛ ፊት፣ አገረ ገዥ ፊት፣ ቤተ መንግሥት ደጅ ድረስ ይቆም ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን በተቃወመ ጊዜ ጠመንጃ ከማንሣቱ ሌላ አቤት ባዮችን መርጦ አዲስ አበባ ልኳል። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከቦታቸው ተነሥተዋል፣ ውዝፍ ግብርም ቀርቷል። እንግዲህ አቤቱታ ማለት ጥያቄ ነው፤ የሚቀበለው ባለሥልጣን ሊፈጽመውም ላይፈጽመውም ይችላል።

ሕዝበ ውሳኔ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በወረቀት ላይ የሰፈረ ፊርማ ሳይሆን በምሥጢር የተሰጠ ድምፅ ነው። የቆዩት መምህሮቻችን «ሪፈረንደም» በሚለው ስሙ ያስታውሱታል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 81 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ እንደ ደገፈው ተገልጾ ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር አለ። በአንዳንድ አገሮች ዜጎች ራሳቸው ረቂቅ ሐሳብ ጽፈው፣ በሕግ የተወሰነውን ያህል ፊርማ ሰብስበው፣ መንግሥት ቢወድም ባይወድም ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ያስገድዳሉ። ለዚህ ነገር በአማርኛ የረጋ ስም ስለሌለው እኛ «የዜጎች አነሣሽነት» እያልን እንቀጥላለን። ፊርማ ትልቅ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ማን ይፈርም የሚለው ጥያቄም በጥብቅ የሚጠየቀው እዚሁ ላይ ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋና አገር ስዊዘርላንድ ናት። እዚያ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የፈለጉ ዜጎች በ18 ወር ውስጥ 100,000 ፊርማ ካሰባሰቡ ጉዳዩ ለሕዝብ ይቀርባል። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ለመቃወም ደግሞ በ100 ቀን ውስጥ 50,000 ፊርማ ይበቃል። ታዲያ ማን ይፈርማል ቢሉ፣ በፌዴራል ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠት የሚችል ዜጋ ብቻ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት። አገሩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረ የውጭ ሰው ግብር ከፋይም ቢሆን አይፈርምም። በሌላ በኩል ውጭ አገር የሚኖር ስዊዛዊ በመራጭነት ከተመዘገበ መፈረም ይችላል። አንድ ወረቀት ላይ የሚፈርሙት የአንድ ቀበሌ (የእነሱ «ኮሙን») ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ወረቀቱ ወደዚያው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እያንዳንዱ ስም ከመራጮች መዝገብ ጋር ይመሳከራል። አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ቢፈርም የሚቆጠርለት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በስዊዘርላንድ ይህ መብት በሥራ ላይ የዋለው ከ1891 ጀምሮ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለታችን ነው። ሴቶች ግን በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው። ስለዚህ ሰማንያ ዓመት ሙሉ «የሕዝብ ፊርማ» ሲባል የወንዶች ፊርማ ነበር። ሴቶች ሲገቡ ፈራሚው በእጥፍ ስለ ጨመረ በ1977 የሚጠየቀው ብዛት ከ50,000 ወደ 100,000 ከፍ ተደረገ። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጨምር የሚታየው እንግዲህ በንግግር ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው።

በዚያ በሠለጠነው አሠራር ውስጥም ማጭበርበር አልጠፋም። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ፊርማ በገንዘብ ከሚያሰባስቡ ድርጅቶች የመጡ የሐሰት ፊርማዎች መገኘታቸው በአገሩ ጋዜጦች ወጥቶ ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ሰብሳቢ ሰው ካጣ ከራሱ ይጽፋል፤ ምን ያስደንቃል!

ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን የጎረቤታችን የኬንያ ነገር ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 257 ላይ ቢያንስ 1 ሚሊዮን የተመዘገቡ መራጮች ከፈረሙ ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚቻል ይደነግጋል። ልብ በሉ፣ ዜጋ መሆን ብቻ አይበቃም፣ የመራጮች መዝገብ ላይ መኖር ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የድልድይ ግንባታ በሚል ስም የቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ ከ4 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ይዞ መጣ። የምርጫ ኮሚሽኑም ስሞቹን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የተመዘገቡ መራጮች መሆናቸውን አስታወቀ። ይህ ሁሉ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ኮሚሽኑ ሰዎች ስማቸውን እንዲያጣሩ ዝርዝሩን ለሕዝብ ሲከፍተው፣ «እኔ አልፈረምሁም፣ ስሜ እንዴት እዚህ ገባ?» የሚሉ ብዙዎች ተነሡ። ኮሚሽኑ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ማመሳከር ቢችልም፣ የእያንዳንዱ ሰው የፊርማ ናሙና በእጁ ስላልነበረ ፊርማው የባለቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም።

ከዚህ የባሰ ጥያቄም መጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ መንገድ ለተራው ዜጋ የተሰጠ ነው፣ የአገር መሪ በዜጎች ስም ሊጀምረው አይገባም አለ። ጉዳዩ በይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕቅዱ ቆመ። ስለዚህ በኬንያ ሁለት ጥያቄ ተጠይቋል ማለት ነው፤ ማን ፈረመ? ደግሞስ ወረቀቱን ማን አስጀመረው? እኛ ብዙ ጊዜ የምናስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ፊርማ ምን ይላል? አንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን ሲደነግግ አቤቱታ የማቅረብ መብትንም አብሮ አስቀምጧል። የመብቱ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ደግሞ «ማንኛውም ሰው» ነው። «ማንኛውም ዜጋ» አላለም፣ «ማንኛውም መራጭ» አላለም። ስለ መምረጥና መመረጥ የሚናገረው አንቀጽ 38 ግን ቃሉን ይለውጣል፤ እዚያ የመብቱ ባለቤት ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው፣ ለመምረጥም ዕድሜው 18 መሙላት አለበት። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ብቻ የማደሪያውን ክርክር ግማሹን ይጨርሰዋል። የውኃ ቧንቧ ይጠገንልን የሚል ማመልከቻ ላይ የዳንግላው ሠልጣኝ መፈረም ይችላል፤ ውኃውን የሚጠጣው እዚህ አይደለም እንዴ? ዐሥራ ሰባት ዓመት የሆናትም ትፈርማለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በአገራችን ፊርማ ሰብስቦ ሕዝበ ውሳኔ ማስጠራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። መልሳችን አይቻልም ነው። ይህን ደፍረን የምንለው ሕገ መንግሥቱ መንገዶቹን ለይቶ ስለ ጻፋቸው ነው። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ሐሳብ የሚያመነጩት በአንቀጽ 104 ላይ ተዘርዝረዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፈው፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፈው፣ ወይም ከክልሎች ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሲደግፉት ነው። የዜጎች ፊርማ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። አዲስ ክልል የመመሥረት ጥያቄ ሲሆን ደግሞ አንቀጽ 47 አለ። በዚህም መሠረት ጥያቄው በብሔሩ፣ በብሔረሰቡ ወይም በሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማለፍ አለበት፤ ከዚያም በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔውን ያደራጃል። በሩን የሚከፍተው የምክር ቤት አባላት እጅ ነው ማለት ነው። የእኛ ፊርማ የሚሠራው እነዚያን አባላት ለመቀስቀስ ነው እንጂ በሩን ራሱ አይከፍትም።

ይህን ነገር የአዊ ዞን ሰው በቀላሉ ይረዳዋል ብለን እናምናለን። ምክንያቱም አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ የብሔረሰብ አስተዳደርና በእንጅባራ የሚሰበሰብ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። ሕገ መንግሥቱ «የብሔረሰቡ ምክር ቤት» ሲል እንዲህ ያለውን አካል ነው። (ይህን ስንጽፍ አንድ ጥያቄ እናንሣ ለማለት አይደለም፤ የምናውቀውን ምክር ቤት ምሳሌ ማድረግ ይሻላል ብለን ነው።) ሕዝቡ ቅሬታ ካለው ፊርማ አሰባስቦ ለወከለው የምክር ቤት አባል ያቀርባል፤ አባሉ ደግሞ ሲቆጠር አንድ ድምፅ ነው።

የማንነት ጥያቄ ለብቻው ይታያል። አንድ ሕዝብ «ማንነቴ አልታወቀልኝም» ካለ ጥያቄውን በየደረጃው ለክልሉ አቅርቦ፣ በውሳኔው ካልረካ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። ለዚህ ሥነ ሥርዓት በ1993 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 251 ወጥቶ ሲሠራበት ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1261 ተተክቷል። እዚህ ላይ ፊርማው ከአቤቱታ ከፍ ያለ ክብደት አለው። የሚናገረው ሰው የሕዝቡ ወኪል መሆኑን ማሳያ ነውና። «እኛ የእነዚህ ሰዎች ተወካዮች ነን» የሚል ኮሚቴ ሲመጣ፣ «እነማን ወከሏችሁ?» ተብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው። ስለዚህ የሌላ ሕዝብ ተወላጅ ለወዳጅነት ብሎ እዚህ ወረቀት ላይ ቢፈርም የሚጠቅም ሊመስለው ይችላል፤ በተግባር ግን ዝርዝሩን ያስነቅፈዋል።

እንግዲህ ዋናው ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው፤ «ሕዝቡ ይወስን» ሲባል ሕዝቡ ማን ነው? የብሔሩ ተወላጅ ነው ወይስ የቦታው ነዋሪ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በአገራችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ መለኪያው ትውልድ ነበር። ኤርትራዊነቱ ተረጋግጦ መታወቂያ የተሰጠው ሰው አሥመራም ይኑር አዲስ አበባ፣ ሱዳንም ይኑር አውሮፓ ድምፅ ሰጥቷል። ከዚያ የስልጤ ጉዳይ መጣ። የስልጤ ሕዝብ «ጉራጌ አይደለሁም፣ ራሴን የቻልሁ ነኝ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሙግቱ በከፊል ማን ይወስን የሚል ነበር፤ መላው ጉራጌ ይምከርበት የሚሉ ነበሩ፣ የለም ባለጉዳዩ ስልጤ ነው የሚሉም ነበሩ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባለጉዳዩ ራሱ ይወስን አለ። በ1993 ዓ.ም. በተሰጠው ድምፅ እጅግ ብዙው ስልጤ ነኝ ብሎ መረጠ፤ ዞኑም ተቋቋመ። ነገሩ ብልሃት አለው። አንድን ሰው «ማን ነህ?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ መልሱን ከጎረቤቱ መቀበል ምን ይባላል?

የሲዳማው ግን በሌላ ሚዛን ሄደ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። አንድ ዓመቱ ሞልቶ ሕዝበ ውሳኔው ባለመደረጉ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሣ። በመጨረሻም ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ከ2 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ 98 ነጥብ 5 በመቶው ክልልነትን መረጠ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ክልልነትን የሚደግፍ ሻፌታን፣ በነበረው ክልል እንቀጥል የሚል ደግሞ ጎጆን ይመርጥ ነበር፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ምልክት ማድረጉ ጥሩ ዘዴ ነው። ማን መረጠ ካላችሁን፣ የሲዳማ ተወላጅ ብቻ አይደለም። በዞኑና በሐዋሳ ከተማ ነዋሪ የሆነ፣ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወላይታውም አማራውም ጉራጌውም ተመዝግቦ ድምፅ ሰጥቷል። በአንጻሩ አዲስ አበባ የሚኖር የሲዳማ ተወላጅ፣ ጉዳዩ የአያቶቹ ቢሆንም፣ አልመረጠም። ጥያቄውን ያነሣው የብሔሩ ምክር ቤት ነው፣ የወሰነው ግን ነዋሪው ነው።

በእኛ ክልል የተደረገው ደግሞ ከሁለቱም የከበደ ነበር። ስለ ቅማንት ነው የምንናገረው። የቅማንት ቋንቋ ከአዊኛ ጋር የአንድ እናት ልጅ፣ የአገው ቋንቋዎች ወገን ስለሆነ የእኛ ዞን ሰው ጉዳዩን ከሩቅ ሆኖ አልሰማውም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ170 ሺህ በላይ ሰው ቅማንት ነኝ ብሎ ተቆጥሮ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ቅማንት ለብቻው የሚቆጠርበት ስም ጠፋ። ጥያቄው እየጋለ ሄዶ በ2007 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት የቅማንትን ራስን የማስተዳደር መብት አጸደቀ። ያኔ የቀረው ጥያቄ የወሰኑ ሆነ፤ የትኛው ቀበሌ ወዴት ይሁን? አማራና ቅማንት ተጋብቶ፣ ማሳ ለማሳ ተዋስኖ፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጣበት ቀበሌ ውስጥ በወረቀት ላይ መሥመር ማስመር ቀላል አይደለም።

ለ12 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ታስቦ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በ8ቱ ተካሄደ። የቀረበው ጥያቄ በነባሩ አስተዳደር መቀጠል ወይስ በቅማንት አስተዳደር ሥር መሆን የሚል ነበር። 7ቱ ቀበሌዎች በነባሩ መቀጠልን መረጡ፤ አንዱ የቅማንት አስተዳደርን መረጠ። ድምፅ ሰጪው የቀበሌው ነዋሪ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱት። ስልጤ የተጠየቀው «ማን ነህ?» ተብሎ ነው። የጎንደር ቀበሌዎች የተጠየቁት «በማን ሥር ትተዳደራለህ?» ተብለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የባለ ማንነቱ ነው፤ የሁለተኛው መልስ እዚያ የሚኖረውን ሁሉ ይነካል። ሁለቱ ጥያቄዎች በሕዝቡ ጆሮ አንድ ሆነው ሲሰሙ፣ የቀበሌው ድምፅ በሌላ ወገን ማንነትን እንደ መካድ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በዚያ አካባቢ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ሕዝበ ውሳኔው ብቻውን ምክንያት ነው አንልም። ነገር ግን ማን በምን ጉዳይ ላይ እንደሚወስን ሰው ቀድሞ በደንብ ሳይገባው ድምፅ ቢቆጠር ክርክሩ ቁጥሩ ላይ አያበቃም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በአጭሩ እንለፋቸው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞ ዞኖችና የኮንታ ልዩ ወረዳ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው የደቡብ ምዕራብ ክልል ተመሠረተ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። በዚህኛው የወላይታ ዞን ድምፅ በታየው የሕግ ጥሰት የተነሣ በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ተሰጥቷል። አንድ ዞን ሙሉ ወደ ጣቢያ ተመልሶ ተሰለፈ። ለአንድ ቀን ብቻ መዝገብ የሚይዝ አስፈጻሚ፣ ከእኛም መካከል የነገው መምህር፣ ይህን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ወደ ዳንግላው ሠልጣኝ እንመለስና በምሳሌ እናስረዳ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መሠረት በመራጭነት ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ሰው በአንድ ጣቢያ ብቻ ይመዘገባል። ወላጆቹ ዳንግላ ቢሆኑ፣ እሱ እንጅባራ ቢማር፣ በሁለቱም ቦታ ካርድ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ አንድ ቀን በዳንግላ ወረዳ የቀበሌ ወሰንን የሚመለከት ሕዝበ ውሳኔ ቢኖር፣ ወሳኙ የትውልድ ቦታው ሳይሆን የተመዘገበበት ቦታ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ከቻግኒ ወይም ከመተከል መጥቶ ዳንግላ ሱቅ ከፍቶ ዓመት የኖረ ሰው «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም» ተብሎ ከመዝገቡ ሊመለስ አይገባም። በእኛ ዞን አዊኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ስለሚውል ይህ ነገር የሩቅ ምሳሌ አይደለም።

የፓርቲ ፊርማም አለ። በዚሁ አዋጅ መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ለማቋቋም 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። እዚህ ላይ የሚፈርም ሰው «ሐሳቡን እደግፋለሁ» ማለቱ ብቻ ሳይሆን የፓርቲ አባል መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ፊርማዎቹን በናሙና ባጣራ ጊዜ ማጣሪያውን ያላለፉ ፓርቲዎች ተሰርዘዋል። ወረቀቱን ሳያነብ ለወዳጁ ብሎ የፈረመ ሰው የየትኛው ፓርቲ አባል እንደ ሆነ ሳያውቅ ሊውል ይችላል ማለት ነው።

አሁን መምህሩ እጅ ላይ ወረቀቱ ሲደርስ ስለሚያጋጥመው ነገር እንናገር። በገጠር አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ ይፈርማል። «የእኔና የባለቤቴ፣ የልጆቼም» ይልና በአንድ እጅ አራት ስም ይሞላል። ለእድር ይህ ይሠራ ይሆናል። ለአቤቱታ ግን አራት ስም በአንድ እጅ ጽሑፍ የታየ ቀን ዝርዝሩ በሙሉ ይጠረጠራል። ሚስት የራሷ ሰው ናት፣ ትፈርም፤ ካልፈለገች ደግሞ አትፈርም። ባል ፈርሞ ሚስት ብትተወው ነውር የለበትም።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ያትማል። ይህ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም የጣት አሻራ ከብዙ ፊርማ ይልቅ ለማስመሰል ይከብዳል። ስሙን ሌላ ሰው ሲጽፍለት ግን ጻፊው ራሱ አጠገቡ ስሙን አስፍሮ ቢፈርም ይመረጣል። በስዊዘርላንድ ሕጉ የሚያዘው እንደዚሁ ነው፤ መጻፍ ለማይችል ሰው ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ሌላ ሰው ይጽፍለታል፣ የጻፈውም የራሱን ፊርማ ይጨምራል። ከማተሙ በፊትም ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይገባል። አዛውንቱ የሚሰሙት አዊኛ ከሆነ በአማርኛ አንብቦ «ገባዎት?» ማለት ምንም አይደለም፤ በአዊኛ ሊነገራቸው ይገባል። በአዊኛ የሚያስተምር መምህር በየትምህርት ቤቱ እያለን በዚህ መስነፍ አይገባንም።

ከሁሉ የከፋው ባዶ ራስጌ ነው። «ጽሑፉ በኋላ ይገባል፣ ለጊዜው ፊርማውን እናሰባስብ» ይባላል። ሰብሳቢው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ከእጁ የወጣ ቀን ግን ከላይ ምን እንደሚጻፍበት ማንም አያውቅም። በውኃ ስም የተሰበሰበ ፊርማ በወሰን ጉዳይ ሊመጣ ይችላል። ከአንድ ገጽ በላይ ሲሆንም ጥያቄው በየገጹ ራስጌ ላይ ሊደገም ይገባል፤ አለዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ የፈረሙት ሰዎች ለምን እንደ ፈረሙ ወረቀቱ አይናገርም።

ተማሪዎችን በተመለከተ የእኛ ሐሳብ ጠበቅ ያለ ነው። ሕፃን ልጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቢጽፍ፣ ቢፈርም፣ መብቱ ነው፤ አንቀጽ 30 ዕድሜ አይጠይቅም። ነገር ግን መምህሩ ክፍል ገብቶ «ሁላችሁም ፈርሙ» ካለ የልጆቹ ፈቃድ የት አለ? ውጤት የሚሞላው እሱ አይደለም? የወሰን፣ የማንነት ወይም የምርጫ ጉዳይ ሲሆንማ ጭራሽ ወረቀቱ የትምህርት ቤቱን በር መግባት የለበትም። በዚህ ላይ ከእኛ የተለየ አስተያየት ያላቸው መምህራን እንዳሉ እናውቃለን፤ ጽፈው ቢሰጡን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የሞተ ሰው፣ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው፣ «ቢኖር ይፈርም ነበር» የሚባል ሰው አይፈርምም። ወንድም ስለ ወንድሙ ማለት ቢፈልግ ስሙን ሳይሆን «ወንድሜም እንዲህ ብሎኛል» የሚል ቃል በማመልከቻው ውስጥ ያስገባ። ሃምሳ እውነተኛ ፊርማ የያዘ ወረቀት ሁለት መቶ ስም ሞልቶ ሠላሳው ሐሰት ከሆነበት ወረቀት ይሻላል። ተቃራኒው ወገን የሚይዘው መቶ ሰባውን እውነተኛ ሳይሆን ሠላሳውን ነውና።

መጨረሻ ላይ ስለ ማስገባቱ። ዋናው ወረቀት በሙሉ ከእጅ እንዳይወጣ ቅጂ ይቅር። ማመልከቻው በወረዳውም ሆነ በዞኑ መዝገብ ቤት ሲገባ፣ ለራስ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ ይደረግበት። «አስቀምጡት፣ በኋላ እናየዋለን» ከተባለ ቁጥሩ ሳይሰጥ ከመስኮቱ አለመነሣት ነው። ከሁለት ወር በኋላ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ሲባል መልስ የሚሆነው ያ ቁጥር ነው። ቅጂውም በሰብሳቢው ኪስ ሳይሆን ፈራሚዎቹ በሚያውቁት አንድ ቦታ፣ በእድሩ ሣጥን ወይም በትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

የአምዱ አዘጋጆች